ማንም የማይጠራኝ አንድ ወር

ልጄ ሊዲያ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሌዊስቪል ካለ ሱቅ ሻማ ገዝታልኝ መጣች። ብርጭቆው ላይ በሰማያዊ ወረቀት «የጣሊያን ባህር ዳርቻ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ለኮሰችውና አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «ማሚ፣ ስሜል አድርጊው! ልክ እንደዚያ ነው አይደል?» አለችኝ። የሸተተኝ ሎሚና ስኳር ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቤት መታጠቢያ ክፍል እንደዚያ ነው የሚሸተው። ልጅ ናት፣ ገንዘቧን አውጥታ ነው ብዬ «ደስ ይላል» አልኳት። ውሸቴን ነው። የጣሊያን ባህር ዳርቻ በብርዱ ወራት ምን እንደሚሸት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። የራሰ የእንጨት መስኮት ይሸታል። በረኪና ይሸታል። የነጭ ጋዝ ማሞቂያ፣ ማዕበል ተፍቶት የበሰበሰ የባህር ሣር፣ ሳምንቱን ሙሉ አልደርቅ ያለ አንሶላ ይሸታል። ያንን በብርጭቆ አሽጎ የሚሸጥ ቢኖር ማንም አይገዛውም። እኔ እገዛው ነበር።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እዚሁ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስሠራ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ከየክፍሉ በር በላይ መብራት አለ፤ ሰው ሲፈልገኝ ይበራል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ እሄዳለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ «ማሚ!» ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከሳሎን ሆኖ «ሙሉ!» ብሎ ሲጣራ የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከጭኑ ሥር የገባውን ሪሞት ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «እህት ሙሉ፣ አንዴ ነይማ» ያላለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሊዲያ «ማሚ፣ ለሪታየርመንትሽ ኤኒዌር፣ የትም በይ፣ እኔ እከፍላለሁ» ስትለኝ መልሱ ሳላስብ ነው ከአፌ የወጣው። ጣሊያን፣ ባህር አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ጎብኚው ጠቅልሎ በሄደበት ወቅት፣ አንድ ወር ሙሉ፣ ብቻዬን። ማየት የምፈልገው ሐውልት የለም፣ የምገዛው ቦርሳም የለም። የምፈልገው ማንም ስሜን ሳይጠራ የሚያልፍ አንድ ወር ነው። ይሄ ይህን ያህል የሚከብድ ነገር ነው? ይከብዳል እንጂ! በእኛ ሰው መሃል ሆኖ ከዚህ የከበደ ምኞት የለም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «እዚያ ማን አለሽ?» ማንም የለኝም ስል ያላመነኝ በዛ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ የምንሄደው አገር ለማየት አይደለም፣ ሰው ጋ ነው የምንሄደው። ሲያትል የሚኬደው የአጎት ልጅ ስላለ ነው፣ ሚኒሶታ የሚኬደው ሠርግ ስላለ ነው። ባህሩም ተራራውም በሰውየው መኪና መስኮት በኩል፣ ከምሳ ወደ እራት ሲኬድ የሚታይ ነገር ነው። እንዲያው ሰው የሌለበት ቦታ ሄዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በር ዘግቶ መቀመጥ ለእነሱ ከበሽታ የሚቆጠር ነው። አንዷ ጎን ወስዳ «ሙሉዬ፣ ሐኪም የነገረሽ ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ አዲስ አበባ ልገባ አስቤ የሰው መልእክት እንዳይበዛብኝ የደበቅኩ መስሏት፣ ለእናቷ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያና ሁለት ጥንድ ስኒከር በፌስታል አስራ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። አልሄድም ብዬ ብምል «እሺ፣ ምናልባት ከሄድሽ» አለችኝ። ፌስታሉ እስከ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ነው።

ጣሊያንን ለምን መረጥሽ ላለኝ ሰው አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልንገር። የአሜሪካ ወረቀት እስኪደርሰን ሮም ተቀምጠን የጠበቅን ብዙ ነን። አገር የታመሰበት ጊዜ ነበር፤ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ያኔ ማረፊያ መምረጥ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ማረፊያው ነበር እኔን የሚመርጠኝ። ስደተኛ የሚያስጠጉ የካቶሊክ መነኮሳት ግቢያቸው ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጡናል፤ የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ሲኞራዎች እየመጡ እጃችንን ያያሉ፣ ቁመታችንን ያያሉ፣ «ምግብ ትችላለች?» ይላሉ፣ መነኮሳቱም አንዳንዴ በውሸት ትችላለች ይላሉ። እኔን የወሰደችኝ ሲኞራ ሳንባዋን የሚያማት፣ የከተማ ጭስ የማይስማማት ባልቴት ነበረች። ሐኪሟ ብርዱን ወራት ባህር አጠገብ ታሳልፍ ስላላት ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቅ ሳንታ ማሪኔላ የምትባል ከተማ ያለው የበጋ ቤቷ ገባን። የበጋ ቤት ማለት በብርድ ሊኖሩበት ያልተሠራ ቤት ማለት ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ሌሊት በቂ ነው።

መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። የሮም ሀብታሞች ነሐሴ ላይ መጥተው፣ ዋኝተው፣ መስኮታቸውን በአረንጓዴ መዝጊያ ቀርቅረው ሄደዋል። ክፍት የነበረው የእኛ ቤት ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲያሰኘው ይዘጋል፤ ዳቦ ፍለጋ እስከ ባቡር ጣቢያው ማዶ እሄዳለሁ፣ ነፋሱ ሽፍን ጫማዬን በአሸዋ ይሞላዋል። ሁለት ሽርጥ ነበረኝ፣ ለጠዋት ሥራ ሰማያዊ፣ ምግብ ለማቅረብ ነጭ፤ ነጩ የማይደርቅ ስለነበር ማሞቂያው ላይ አንጠልጥዬ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ እየሸተተ እለብሰዋለሁ። ወጥ ቤት ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። ድምፁ የሻከረ አንድ ሰውዬ በቀን አሥር ጊዜ አንድ ዘፈን ይዘፍናል፣ ቃሉ ሳይገባኝ በቃሌ ያዝኩት፤ አሁንም ሰሃን ሳጥብ ያመልጠኛል። ከሰዓት ሲኞራዋ የፀጉር ካፖርቷን ደርባ ባህሩን ይዞ በሚሄደው መንገድ ትንሸራሸራለች፣ እኔ ሻሏንና ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ። ቡና ቤቱ ስትደርስ ትቀመጣለች። እዚያ አገር ቆሞ ለሚጠጣና ተቀምጦ ለሚጠጣ የቡና ዋጋው ይለያያል፤ እኔ የማውቀው የቆመውን ዋጋ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ግን የእኔ ነበር። ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያርፍበት ቀን ነው። ሳህኑን እንደነገሩ አጥቤ፣ ሽርጡን ወርውሬ፣ ሮም የሚገባውን ባቡር ለመያዝ እሮጣለሁ። ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ሐሙስ ሐሙስ የእኛ ነበር! ያን ልብስ ማየት ነው፤ ከፖርታ ፖርቴሴ የእሁድ ገበያ የተለቀመ ቡናማ ካፖርት፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ ባለ ወፍራም ሶል ጫማ፣ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ያደረ ጸጉር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሽርጥ የታሰረች ልጅ ሐሙስ ከሰዓት መኮንን ትመስላለች። ከአገር የመጣ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የተላከ ደብዳቤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሲኞራ ይታማል፣ ሲኞራ ይቀያየራል። ጀቶን፣ ማለትም ስልክ የሚያስደውለውን ሳንቲም፣ የያዘ ሰው እንደ ባለሀብት ይከበራል። ስናወራ ስናለቅስ ይመሽና የመጨረሻው ባቡር ላይ ዘልዬ እመለሳለሁ። ባህሩ በመስኮቱ በኩል ጥቁር ሆኖ ያልፋል፣ እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ። ያን ሁሉ ወር ባህር አጠገብ ኖሬ፣ ለራሴ ብዬ አንዲት ከሰዓት እንኳ ባህር አጠገብ አልተቀመጥኩም። ያለችኝን ዕረፍት በሙሉ ለሰው ሰጠሁ። ደስ እያለኝ ነው የሰጠሁት፣ አሁን ግን ይቆጨኛል።

ይህንን ለሊዲያ ነግሬያታለሁ። «ኦ ማይ ጋድ ማሚ፣ ሶ ሮማንቲክ!» አለችኝ። ምኑ ነው ሮማንቲኩ? በረኪናው ነው? ከዚያ ላፕቶፗን ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ማረፊያ መረጣ ጀመርን። መረጣ አልኩት እንጂ ጦርነት ነበር። መጀመሪያ ያሳየችኝ ገደል ላይ የተለጣጠፉ ሮዝና ቢጫ ቤቶች ያሉበትን፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ከተማ ነው።

«ሶ፣ ይሄ ፋይቭ ስታር ነው። ቪውውን እዪው ማሚ!»

«ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤቱ ስንት ደረጃ አለው?»

«አላውቅም፣ ማለቴ... ብዙ። ግን ኤክሰርሳይዝ ነው፣ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው።»

«ለጉልበቴ! የጉልበቴ ሐኪም አንቺ ነሽ እንዴ? በየካቲት ፋርማሲው ክፍት ነው?»

«ኢታሊ እኮ ነው ማሚ። ሁዋይ ዉድ ኢት ቢ ክሎዝድ?»

እንዴት ብዬ ላስረዳት! እዚህ አገር ያደገ ልጅ ሱቅ ይዘጋል ብሎ አያስብም። ባህር ዳር ያለ ከተማ በብርዱ ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንዱ የሚተኛ ሌላው የሚኖር መሆኑን የሚያውቀው በነፋስ ዳቦ ፍለጋ የሄደ ሰው ነው። «ትምህርት ቤት ያለበትን ፈልጊልኝ» አልኳት። «ትምህርት ቤት ምን ያደርግልሻል?» አለች። ልጆች ካሉ ጠዋት ጠዋት የሚገዛ ዳቦ አለ፣ ዳቦ ካለ የተከፈተ መንገድ አለ፣ ይኼው ነው። ሜዳ ይሁን አልኳት። ባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ ይሁን፣ አውቶቡሱን በብርዱ ይቀንሱታል። ማሞቂያ አለው ወይ ብላ እንድትጠይቅ ባደርጋት «ፋየርፕሌስ አለው፣ ሶ ኮዚ!» ብላ አጨበጨበች። እንጨቱን ማን ሊሸከም? ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቂ ስላት ደግሞ «ማሚ፣ ሪቪው ላይ እንደዚህ ዓይነት ነገር ማንም አይጽፍም» ብላ ተቆጣችኝ። አይጽፍም እኮ! የሚጽፉት በሐምሌ ሦስት ቀን አድረው የሄዱ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ራሷ ለአከራዮቹ መልእክት እየላከች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ እያዘዝኩ፣ ከደቡብ በኩል ሞኖፖሊ የምትባል ከተማ ላይ ደረስን። ሜዳ ናት፣ ወደብ አላት፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው፣ ፀሐይዋም ከሰሜኑ ትሻላለች። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ባህር፣ ማሞቂያው እንደ ሰው ቤት ማሞቂያ። ቤቱን ያዝነው። ያን ዕለት ልቤ ተንፈስ አለ፣ አልዋሽም። አንድ ወንበር መስኮቱ ሥር አድርጌ፣ እግሬን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅዬ ታየኝ።

ይህ ደስታ እስከ እሁድ ብቻ ነው የቆየው። ከአምልኮ በኋላ መኪናዬን ላስነሳ ስል እህት አስቴር መስኮቱን አንኳኳች። አስቴርን የማያውቅ የለም፤ ሳክሲ የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው፣ ለቅሶም ልደትም ያለ እሷ አይደራጅም። ልቧ ወርቅ ነው። ሥራዋ ግን ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፣ አገናኚኝ ያላላትን ጭምር።

«ሙሉ፣ ጌታ እንዴት እንደሚያዘጋጅ አየሽ? ዝናሽ ሚላኖ አለችልሽ!»

«ዝናሽ ደግሞ ማን ናት?»

«የአጎቴ ልጅ። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ናት። ኮል አድርጌላት አልጋ አንጥፋ እየጠበቀችሽ ነው። ኪራይ ምናምን ብለሽ እንዳታስቀይሚያት።»

«አስቴር፣ ሚላኖ ባህር የለም።»

«ባህር ምን ያደርግልሻል? ሰው እያለ!» አለችና እጇን ዘርግታ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

ደሜ ፈላ። ቤድፎርድ እስክገባ አውራ ጎዳናው ላይ ለብቻዬ ጮህኩ። ከጎኔ የቆመው የጭነት መኪና ነጂ ስልክ የማወራ መስሎት ይሆናል። ሊዲያን ኮል ሳደርጋት «ጀስት ሴይ ኖ፣ ማሚ» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። የተነጠፈ አልጋ እንዲህ በአፍ ብቻ እምቢ አይባልም። የማላውቃት ሴት ለእኔ ብላ አንሶላ ቀይራለች፣ ምናልባት ጎረቤት አስቸግራ ትራስ ተውሳለች። ዝም ብዬ ብቀር ስሜን በሁለት አህጉር ያነሱታል። ደውዬ፣ አመስግኜ፣ ጉልበቴን አመካኝቼ፣ በወግ በወጉ መቅረት አለብኝ። ጠላሁት። አንድ ወር ዝም ልበል ባልኩ፣ ገና ሳልሄድ የማላውቀው ሰው ዘንድ ልለምን ነው! በማግስቱ እዚህ እኩለ ቀን፣ እዚያ ምሽት ሲሆን ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳችው በሹክሹክታ ነው። «ትንሽ ይጠብቁኝ እሺ፣ ሲኞራዋን ላስተኛ» አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አልቻልኩም። ሲኞራ? ከወዲያ በኩል የሚጎተት ጫማ፣ የሚከፈት ውሃ፣ ከዚያ ደግሞ የአሮጊት ድምፅ «ዚና! ዚና!» ሲል ይሰማኛል። ዝናሽ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፣ ብትበልጠኝ እንጂ አታንሰኝም። እኛ ከዚያ ወጥተን፣ ወረቀት ደርሶን፣ ቴክሳስ ገብተን፣ ወልደን፣ ጡረታ ስንወጣ እሷ እዚያው ነበረች። ተመልሳ ስትመጣ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

«አስቸገርኩዎት፤ እስክትተኛ ነው። መቼ ነው የሚመጡት? አልጋው ዝግጁ ነው።»

«አልጋው የማን ነው?»

«የኔው ነው። ወጥ ቤት የሚታጠፍ አለ፣ እኔ እዚያ እሆናለሁ። የሲኞራዋን ልጅ አስፈቅጃለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ወር አይሆንም ብሏል፣ ሳምንት ነው የፈቀደው። አስቴርን አልነገርኳትም። እነሱ እዚህ ቤት ያለኝ ነው የሚመስላቸው።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?» አልኳት። አንቱታው ከአፌ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ተናድጄ ነበር። በአስቴር ነው የተናደድኩት፣ በዚያ የአልጋ ፈቃድ ሰጪ ልጅም ነው፣ ይበልጥ ግን በእሷ።

«ሰው ሲመጣ እንዴት እምቢ ይባላል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ተባባልን።

አመስግኜያት፣ ወደ አንቺ አልመጣም፣ ባህር ዳር ቤት ይዣለሁ አልኳት። «በዚህ ብርድ? እዚያ ማን አለሽ?» አለች። ያችው ጥያቄ! ማንም፣ ለመቀመጥ ነው የምሄደው ስላት ሳቀች። ሹክሹክታዋን ረስታ ነው የሳቀችው። እሷ ባህርን የምታውቀው በነሐሴ ነው፤ ቤተሰቡን ተከትላ ትሄዳለች፣ እነሱ ሲዋኙ ፎጣ ትጠብቃለች፣ አሸዋ ከሰው ልጅ እግር ታጥባለች። ዕረፍትሽ መቼ ነው አልኳት። አልተለወጠም፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የት ትሄጂያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም። «ዱሮ አደባባዩ ላይ እንሰበሰብ ነበር» አለችኝ። «ግማሾቹ ሎንዶን ሄዱ፣ ግማሾቹ አገር ገቡ፣ የሞቱም አሉ። እኔ አሁንም ጣቢያው ድረስ እሄዳለሁ። ሰው አያለሁ፤ የማውቀው ግን የለም። ሲጨልም እመለሳለሁ።»

ስልኩን እዚህ ላይ መዝጋት ነበረብኝ። ቤቴ ተይዟል፣ ወንበሬ መስኮቱ ሥር ነው፣ ሞኖፖሊ ከሚላኖ በባቡር ቀን ሙሉ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እሷማ ጭራሽ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምክንያት እደረድር ነበር፣ እችልበታለሁ። እኔ ግን ያን ሁሉ ሰው የረገምኩበትን ነገር በገዛ አፌ አደረግሁት። «አንቺ ካለሽበት በባቡር ቶሎ የሚደረስበት ባህር የትኛው ነው?» አልኳት። አሰበች። ኪያቫሪ የሚባል አለ አለች፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ጣቢያው ከባህሩ ፊት ነው ይላሉ፣ ሜዳ ነው ይላሉ፣ እሷ አልፋበት ታውቃለች እንጂ ወርዳ አታውቅም።

ሊዲያ የሞኖፖሊውን ቤት ስሰርዝባት ያለችውን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። «ማሚ! ኖባዲ ብለሽ ነበር! ኖባዲ! ያ ቦታ ደግሞ ዊንተር ሙሉ ይዘንባል፣ ቼክ አድርጌዋለሁ!» ይዘንባል፣ አውቃለሁ! የእርጥብ አንሶላ ጠረን ከዚህ ድረስ ይሸተኛል። የደቡቡን ፀሐይ ትቼ የሰሜን ዝናብ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ፣ ጉልበቱም የእኔ ነው። «ሁለት መኝታ ያለው ፈልጊ» አልኳት። «ማሞቂያውን ጠይቂ። ትምህርት ቤት መኖሩን እዪ።» እየተነጫነጨች ፈለገች፣ ሕንፃው አርጀት ያለ ቢሆንም አሳንሰር ያለው አገኘች። አስቴር ስትሰማ ደግሞ «አየሽ? ነግሬሽ አልነበር!» አለችኝ።

ወሩ ከሄደ እንግዲህ ሄደ። ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ የእሷ ናቸው፣ የቀረውን እኔ ዝም እልበታለሁ፤ እስካሁን ያተረፍኩት ይኼን ነው። ትናንት ይህንኑ ልነግራት ደወልኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ተጨነቀች። ምን ይዤ ልምጣ አለች። ምንም አልኳት። በርበሬ አለኝ አለች፣ ምስር አለኝ አለች፣ ተዪው አልኳት። ከመጣሁ እንግዲህ ቤቱን ጠረግ ጠረግ አደርግልሻለሁ፣ መስኮቱን እወለውላለሁ፣ ጨው ስለሚይዘው በየሳምንቱ ካልተወለወለ ያስቸግራል አለችኝ።

«ዝናሽ፣ አትሠሪም። መጥተሽ ትቀመጫለሽ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። ባህሩ ፊት ለፊት። እኔም አጠገብሽ።»

«እሺ፣ ተቀመጥኩ» አለች፤ እያሰበችበት ነበር፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀኝ። «ሲጠሩኝስ?»

«ማንም አይጠራሽም» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሊዲያ ከሳሎን ዞር ብላ አየችኝ። ዝናሽ ግን አልሰማችኝም። ከወዲያ በኩል ተጠርታ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ሄዳለች።